ጣሪያ በሁለተኛው ሴሚስተር ነው

ወለቴ እርሳስ እየቀረጸች ነበር። የምላጩን ግማሽ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ፣ እርሳሱን ግራ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ልጣጩን ቀስ አድርጋ እያነሳች ቀሚሷ ላይ ታጠራቅመዋለች። ጫፉ መርፌ ሲመስል ወደ ብርሃን ከፍ ታደርገዋለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ራሷን በቅሬታ ትነቀንቃለች፣ እንደገና ትቀርጻለች። ከአዲስ አበባ በመጣች በሦስተኛው ቀን አንድ ሙሉ እርሳስ አንዲት መስመር ሳይሰመርበት እንዲህ ተቀርጾ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ምነው ወለቴ፣ ጨረስሽው እኮ!" አልኳት።

"ሐረጌ፣" አለችኝ ልጣጩን እያራገፈች፣ "የመጀመሪያው ሴሚስተር ግማሹ እርሳስ መቅረጽ ነው።"

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ትምህርቱን ጨርሶ የመጣ ሰው ዝምተኛ ነው። ሐኪሙን ስትጠይቁት "እስቲ እንየው" ይላል፤ ሁለት ወር መርፌ መውጋት የተማረው ግን አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ ምላስህን አውጣ ይላል። ዳኛው "መዝገቡን ልመርምር" ይላል፤ ፍርድ ቤት ደጅ አንድ ክረምት የተላላከው ግን ቆሞ ይፈርዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሴሚስተር የተማረ ሰው አለ። እሱ የማያውቀው ነገር የለም። የማያውቀው ቢኖር እንኳ የት እንደተቀመጠ ያውቃል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ውስጥ ነው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ተማረ ሰው ማውራት የእኔ ቦታ አልነበረም። ነገር ግን ከክብርት አርክቴክት ወለቴ መሸሻ ጋር አንድ አጥር ተጋርተን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ይህችን ያህል ይፈቀድልኝ።

ወለቴ በመስከረም 1972 ዓ.ም. የሕንፃ ንድፍ ልትማር አዲስ አበባ ስትሄድ የነቀምቴ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። አባቷ ጋሼ መሸሻ፣ በልጅነታቸው ከሸዋ መጥተው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያረጁ ሰው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ "ነርስነት ነው" ይሉ ነበር። የካቲት ላይ ታዲያ ከአርባ አንድ ተማሪ ሴቷ እሷ ብቻ እንደሆነች ሰሙ። ወዲያው "እናትሽ አልጋ ላይ ናት፣ ቶሎ ድረሺ" ብለው ጻፉላት። ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ እያለቀሰች ስትደርስ እናቷ እትዬ የሺወርቅ ጓሮ ቆመው በርበሬ ይወቅጡ ነበር።

"እማዬ፣ ተሻለሽ?"

"ምኔን ነው ያመመኝ?" አሉ እትዬ የሺወርቅ ዘነዘናውን ይዘው። ጋሼ መሸሻ መታመማቸውን ሳይነግሯቸው ኖሯል።

ያን ዕለት ከአውቶቡስ ስትወርድ በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻዋ አንግታ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ፈታሾቹ ጠመንጃ መስሏቸው ተሳፋሪውን ሁሉ እጅ ወደ ላይ አስብለውት ነበር አሉ። ሲፈቱት የመስቀል እግር የመሰለ የእንጨት ማስመሪያ ሆነ። አለቃው "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" ብሎ ጠየቃት። ባይጠይቃት ይሻለው ነበር። በኬላው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ስለ ትይዩ መስመር ሃያ ደቂቃ አስረዳችው። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ማስመሪያ የያዘ መንገደኛ ካየ ሳይፈትሽ "እለፍ፣ እለፍ" ይላል ይባላል።

ክብርት አርክቴክት ከተማውን መጎብኘት ጀመረች። መንገድ መሃል ትቆምና ክንዷን ዘርግታ፣ አውራ ጣቷን አቁማ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ቤት ትለካለች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች የተሰደቡ እየመሰላቸው በር ይዘጋሉ። የጉራጌው ነጋዴ የአቶ ወልደዮሐንስ ሱቅ ገብታ ሚስማር እንደመግዛት ዙሪያውን አየችና፣

"አቶ ወልደዮሐንስ፣ ሱቅዎ ዝውውር ይጎድለዋል" አለች።

"ገበያው ቀዝቅዞ ነው እንጂ ነበረው።"

"የሰው ዝውውር ማለቴ ነው። ሰው በዚህ ገብቶ፣ በዚያ ዞሮ፣ በዚህ መውጣት ነበረበት።"

"ሳይከፍል?" አሉ አቶ ወልደዮሐንስ።

እናቴ የዳቦ ቢላ ብትሰጣት ድፎውን "በስኬል" ቆረጠችው፤ ከጎረቤት ሁሉ እኩል ደረሰን፣ ግን በረደ። ሻይ ጠረጴዛ ላይ ብታፈስ እንኳ አትደነግጥም፤ ትንሽ ታየውና "ታስቦበት ነው" ትላለች። ይህች "ታስቦበት ነው" አንገቷ ላይ እንዳለ ማተብ ከእሷ አትለይም ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ይሁን እንጂ ልጅቷ ሌት ተቀን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መመለስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቷን ስትለምን ሰነበተች። ጋሼ መሸሻ በበኩላቸው ሌላ አሳብ ነበራቸው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ተድላ፣ በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ትሑት ሰው፣ ሽማግሌ ልልክ ነው ብሎ አማክሯቸዋል። በመጨረሻ ጋሼ መሸሻ ጋዜጣቸውን አጥፈው እንዲህ አሉ፤ እኔ እርሾ ልበደር ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

"ቤት መሥራት ትምህርት ነው ትያለሽ። አናጢው ባቻ ያለ ሴሚስተር ይሠራል። እንግዲያው አንድ ነገር ሥሪ። የነቀምቴን ክረምት ችሎ መስከረም ላይ ከቆመ በራሴ እጅ አውቶቡስ ላይ አሳፍርሻለሁ። ከፈረሰ ግን የጓድ ተድላን ሽማግሌዎች እቀበላለሁ።"

"ምን ልሥራ?"

"የፈለግሽውን።"

የፈለገችውን የት ታገኛለች? ያን ጊዜ ማን በዘፈቀደ ቤት ይሠራል! ደግነቱ ጓድ ተድላ ራሱ ጭንቅ ላይ ነበር። የጽዳት ዘመቻ ታውጆ እያንዳንዱ ቀበሌ ለአብዮት በዓል አንድ የጋራ መጸዳጃ ሠርቶ እንዲያሳይ ታዟል። የእኛ ቀበሌ ጉድጓዱን አምና ቆፍሮ ትቶታል፤ ዶሮ ይገባበታል። ወለቴ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዳ "ንድፉን በነፃ እሠራለሁ" ስትለው ጓድ ተድላ ልቡ በደስታ ተነፋ። የአባቷን ቃል የሰማው ከፈረመ በኋላ ነው። የሚያገባት ሽንት ቤቱ ሲፈርስ ነው፤ የሚሾመው ሽንት ቤቱ ሲቆም ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ንድፉን የሠራችው የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስድስት ሜትር በአራት፤ በስተቀኝ የሴት፣ በስተግራ የወንድ፣ በምዕራብ በኩል ሰፊ መስኮት።

"ሽንት ቤት መስኮት ምን ያደርጋል?" አለች እናቴ።

"ለዕይታ ነው፣ እትዬ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይታያል።"

"ፀሐይዋ ናት እንጂ እኛን የምታየን! ከፍ አድርጊው!"

መስኮቱ ከፍ አለ። ያ የመጀመሪያው ማሻሻያ ነበር።

አናጢው ኦቦ ባቻ ናቸው። ከነቀምቴ እስከ ሲሬ ካለው የጭቃ ቤት እኩሌታውን ያቆሙ፣ ቁመታቸው በር የማይበቃው፣ ክንዳቸው እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ሰው። ወለቴ ንድፉን ዘርግታ "ስድስት ሜትር" ስትላቸው ወረቀቱን አክብረው አዩትና እጃቸውን ዘረጉ።

"ኢንታላ ኮ፣ እኔ ሜትር የለኝም። ክንድ አለኝ። ይቺ አትጠፋም፣ አትሰረቅም።" ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁሉንም ሴት ኢንታላ ኮ ነው የሚሉት፣ እናቴንም ጭምር።

"ችግር የለም ኦቦ ባቻ፣ በክንድ እቀይርልዎታለሁ።"

የስፌት ሜትሬን ወስዳ ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ለካች። አርባ ሁለት ሳንቲ። ሦስት ገጽ ሙሉ አባዝታ አካፍላ፣ "አሥራ አራት ክንድ ከስንዝር በዘጠኝ ክንድ ተኩል" ብላ በትልልቅ ቁጥር ጻፈችላቸው። ከዚያ ንድፉን በቀለም ለማድመቅ ቤት ገባች። ቀለሙ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ በንድፉ ላይ ለጥላ የሚሆን ዛፍ ስለሳለች ቅጠሉን አንድ በአንድ ነበር የምትቀባው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰፈርተኛው ለልማት ሥራ ወጥቶ ጭቃ ሲረግጥ እኔና እሷ ሄድን። ቋሚዎቹ ቆመው፣ ማገሩ ታስሮ አገኘነው። ወለቴ ቀጥ አለች። ሰው ከዚህ ጫፍ ቆሞ በዚያ ጫፍ ያለውን "እንዴት ዋልክ" ብሎ መጥራት ነበረበት። ኦቦ ባቻ ራሳቸው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በጭንቀት ያዩታል።

"ኢንታላ ኮ፣ ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? እኔ ያልሽውን ነው የሠራሁት። ለሽንት ቤት ግን አልበዛም?"

ሰፈርተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። አባቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጓድ ተድላ ከሦስቱ እስክሪብቶ አንዱን መዟል። ወለቴ ከንፈሯን ላሰች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ አውራ ጣቷን አቆመች።

"ታስቦበት ነው" አለች። "ይህ የቀረው ክፍል መጠበቂያ አዳራሽ ነው።"

ቤቷ ገብተን በሩን ስንዘጋ ክንዷን እንደገና ለካች፤ አርባ ሁለት። ማታ ኦቦ ባቻን ደረታቸውን ለሸሚዝ ልለካቸው እንደፈለግሁ አስመስዬ ክንዳቸውን ለካሁላት፤ ሃምሳ አምስት። ስነግራት ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ እስክታለቅስ ሳቀች። "ሐረጌ ሙች፣ ለማንም እንዳትናገሪ!" አለች። ከአርባ ዓመት በላይ አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።

ቀጥሎ ጣሪያ መጣ። ቀበሌው የሰጠው አሥራ ስምንት ቆርቆሮ ሲሆን የሚሸፍነው ግማሹን ብቻ ነው።

"እንዴት ይሁን ኢንታላ ኮ? ጣሪያው በምን በኩል ይውረድ?" አሉ ኦቦ ባቻ።

እዚህ ላይ ነው ወለቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲቀላ ያየኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኦቦ ባቻ፣ እኛ ግድግዳ ድረስ ነው የተማርነው። ጣሪያ በሁለተኛው ሴሚስተር ነው" አለቻቸው።

ኦቦ ባቻ ብዙ አሰቡ። "እንግዲያው ቶሎ ተመለሺና ተማሪ" አሉ፤ እስከዚያው ግን ግማሹን ቆርቆሮ፣ ግማሹን ሳር ከደኑት። ወለቴ ለጠየቃት ሁሉ ቆርቆሮው መጪውን ዘመን፣ ሳሩ ደግሞ ባህላችንን ያሳያል ትል ነበር። ዝናቡ ግን ትርጉሙን አልሰማም። ቆርቆሮና ሳር በሚገናኙበት ስንጥቅ እየገባ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ይወርድ ጀመር።

እስከዚያው ድረስ ግን ያንን መጸዳጃ አንድ ጊዜ ያየ ሁሉ ወደደው። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ ካገኛቸው እዚያ ነበር የሚጠለሉት። የመሠረተ ትምህርት የማታ ክፍል ጠባብ ስለነበር ግማሹ ተማሪ ወደ መጠበቂያ አዳራሹ ተዛወረ፤ እነ እትዬ የሺወርቅ ሀ ሁን የቆጠሩት እዚያ ነው። ከሲሬና ከኡኬ ለለቅሶ የሚመጣ እንግዳ ሳይቀር "እስቲ ያንን ሽንት ቤት አሳዩን" ይላል። ጓድ ተድላ በሰኔ መጨረሻ "መቶ በመቶ ተጠናቋል" ብሎ ሪፖርት ላከ።

መቶ በመቶ እንኳ አልነበረም። የሴቶቹ በር መቀርቀሪያ የለውም። ወለቴ "ነገ ከአቶ ወልደዮሐንስ ሱቅ አመጣለሁ" አለች። በማግስቱም "ነገ" አለች። ሐምሌን ሙሉ ነገ ነበር። ሴቱ መላ አበጀ፤ ውስጥ ያለች ታንጎራጉራለች፣ የምትመጣዋ ሰምታ ትቆማለች። እኔ ግን ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሰው እየሰማኝ ማንጎራጎር እንዴት ብዬ! ስለዚህ እስላለሁ። በነሐሴ ወር ሦስት ሴቶች ለየብቻ ጠርተው ሳንባሽን ታዪ ብለው መከሩኝ። አንዷማ ማር ከነጭ ሽንኩርት ጋር በጥብጣ አመጣችልኝ።

አሁን ወደ ኋለኛው ግድግዳ ልመለስ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ምርጊቱ ልብስ እንደሚተረተር ከላይ ወደ ታች ተሰነጠቀ። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ስፌት ስለምሠራ ስንጥቅ አያመልጠኝም። አንድ ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ ሄድኩ። ከግድግዳው ሥር ባለች ትንሽ ጉድጓድ ጭድ የገባበት፣ በደንብ የቦካ ጭቃ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ አገኘሁ። ኦቦ ባቻ ትተውት ይሆናል ብዬ እፍኝ እፍኝ እያነሳሁ ስንጥቁን መረግሁት። በማግስቱ ዝናቡ አጠበው፤ ጭቃው ግን አዲስ ቦክቶ ጠበቀኝ። እንደገና መረግሁ።

እውነቱን ልናገር፤ አንድ ቀን ጭቃውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። ብተወውስ? ብተወው ግድግዳው ይወድቃል፣ ጓድ ተድላ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወለቴ አጥሬ ሥር ትኖራለች፣ ዳቦዬን በስኬል ትቆርጥልኛለች። ከሄደች ማን በእርሳስ ልጣጭ ቤቴን ያቆሽሸዋል? እዚያው ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ፣ አፍንጫዬን በክንዴ ጠረግሁ፣ መረግሁት።

ነሐሴ ሃያ ሦስት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ገና ሲነጋጋ ወጣሁ። ከግድግዳው ጀርባ ስዞር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አየሁ። ጋሼ መሸሻ ናቸው። ካፖርታቸውን እንዳይቆሽሽ ገልብጠው ለብሰው፣ ጭቃ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"እንዴት አደሩ ጋሼ?" አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሽንት ቤት መጥቼ ነው።"

"እኔም።"

ሁለታችንም እስከ ክርናችን ጭቃ ነበርን።

ከማዕዘኑ "አከም ቡልተን!" የሚል የጠዋት ሰላምታ ተሰማ። ኦቦ ባቻ ጫፏ እንደ ወንጭፍ የተሰነጠቀች የባሕር ዛፍ ባላ ተሸክመው ብቅ አሉ። እኛን ሲያዩ ደንግጠው ባላዋን እንደ ምርኩዝ ተደገፏት።

"ለልጅቷ ብዬ አይደለም" አሉ ሳይጠየቁ። "በክንዴ ነው የተሠራው። የባቻ ክንድ ወደቀ ሊባል ነው?"

ባላዋን ከግድግዳው ጋር ገና ስናስገጥም የእጅ ባትሪ ዓይናችን ላይ በራ።

"ጓዶች!"

ጓድ ተድላ ነበር፤ በዝናብ ልብስ፣ በዚያ ንጹሕ ጫማው። ኦቦ ባቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ እንኳን ቢፈርስ ይሻልዎ ነበር። ሚስት ያገኙበታል።"

ጓድ ተድላ ባትሪውን አጠፋ። "መስከረም ሁለት ከአውራጃ ሊያዩ ይመጣሉ" አለ በቀስታ። "ተጠናቋል ብዬ ጽፌያለሁ። ሚስት ሌላም ትገኝ ይሆናል፤ የተላከ ሪፖርት ግን አይመለስም።" ከዚያ እስክሪብቶዎቹን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ አስያዘኝ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጭቃው ውስጥ ገባ። አዘንኩለት፤ ቆራጥነቱ የጀግና ነበር።

"ለመሆኑ ጭቃውን ማን ነው የሚያቦካው?" አሉ ጋሼ መሸሻ ድንገት። እሳቸው ባቻ መስለዋቸው ነበር። ኦቦ ባቻ እኔ መስያቸው ነበር። እኔ ጋሼ መሸሻን ጠርጥሬ ነበር። ጓድ ተድላ "ሰፊው ሕዝብ ነዋ!" አለ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

"ለልጄ የነገረ ሰው ግን" አሉ ጋሼ መሸሻ ጣታቸውን አንሥተው፣ "ከእኔ ጋር አንድ ላይ አይቀመጥም።"

መስከረም ሁለት ሦስት ሰዎች ከአውራጃ መጡ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ፣ ባላዋ በአበባ ሐረግ ተሸፍና ቆማለች። የመጡት ሰዎች ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይህ ነው?" አለ አለቃቸው።

"የጋራ መጸዳጃችን ነው፣ ጓድ" አለ ተድላ።

ሰውየው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ፣ ከዚያ እንደገና አወለቀ። ዞሮ ዞሮ አየ፣ መስኮቱን ወደደ፣ በሴቶቹ በር ላይ ግን ቆመ። "መቀርቀሪያ የለውም" አለና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። የጓድ ተድላ ከንፈር ነጣ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ወለቴ ዞረ።

"ታስቦበት ነው" አለች ክብርት አርክቴክት። "ኅብረተሰቡ በመተማመን ላይ እንዲመሠረት ነው።"

ሰውየው ይህንን ቃል በቃል ጻፈው። ተጨበጨበ። ጋሼ መሸሻ ወደ ግድግዳው ሄደው በከዘራቸው ሁለት ጊዜ ቆረቆሩት፤ በጣም ቀስ ብለው ነበር የቆረቆሩት፣ ለምን እንደሆነ የምናውቀው አራት ሰዎች ነን።

"ቆሟል" አሉ። "ቃል ቃል ነው። ሂጂ።"

በሳምንቱ መጨረሻ ልትሄድ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆመን፣ ማስመሪያዋ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እናቷ በሶ አስይዘዋት፣ ድንገት ግንባሯን መታች። "መቀርቀሪያው! ቆዩኝ፣ ሮጥ ብዬ አቶ ወልደዮሐንስ ጋ ደርሼ እመጣለሁ!" አለች። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። አባቷ ክንዷን ይዘው አሳፈሯት፣ ቃላቸው ነዋ። በመስኮት "ሐረጌ፣ ስመለስ!" እያለች ሄደች።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣልኝ። "የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደገና ድገሚ አሉኝ፤ እርሳስ እየቀረጽኩ ነው" ይላል። "ደግሞ ለካ ጣሪያ በሁለተኛው ሴሚስተር አይደለም። በሦስተኛ ዓመት ነው። ለኦቦ ባቻ እንዳትነግሪ።" ከታች፣ በዚያ መርፌ በመሰለ እርሳስ ደቃቅ ተደርጎ ይህ ተጽፏል፤ "ጭቃውን ማታ ማታ የማቦካው ለራሴ ነበር። አንድ ጠዋት ልመርግ ስመጣ ግድግዳው ሥር ቆመሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። ከዚያ ስትመርጊው አየሁ። ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ለአንቺ አበዛሁት። ኋላ አባቴንም አየሁት፤ እንደሚመጣ ግን አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው፣ እሱ አልታሰበበትም።"

ያቺ መጸዳጃ አሥራ አንድ ክረምት ቆማ በሰላም ፈረሰች። ኦቦ ባቻ የሴቶቹን በር በጥንቃቄ ነቅለው አመጡልኝ፤ ጓሮዬ ባለው ሽንት ቤት ላይ ገጥሜዋለሁ። ወለቴ ተመርቃ መጣች፣ አግብታ መጣች፣ ልጅ ይዛ መጣች፣ ስንት ፎቅ ከነጣሪያው ሠርታ ሽበት ይዛ መጣች። ባለፈው ጥርም መጥታ ሻንጣዋን እኔ ቤት ፈታች። ቡና አመጣች፣ ሻሽ አመጣች፣ ለዓይኔ መነጽር አመጣች። ጓሮ ሄዳ ስትመለስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግንባሯን መታች። "ሐረጌ፣ ነገ!" አለችኝ።

የአቶ ወልደዮሐንስ ልጅ ሱቅ ሦስት ዓይነት መቀርቀሪያ ተሰቅሎ በየቀኑ አያለሁ። አልገዛም። ማምጣቱ የእሷ ነው። እስክታመጣው ድረስ እኔ እስላለሁ።